ባግዳድ ባትወድቅ ኖሮ?



ስለ ሙስሊሞች የሳይንስ ታሪክ ስንጨዋወት አንድ አባባል አይጠፋም፦ «ሞንጎሎች እ.ኤ.አ. በ1258 ባግዳድን ባያጠፉ ኖሮ ዛሬ ሳይንሱን የምንመራው እኛ ነበርን።»

እንዲህ ማሰብ ይፈቀዳልን? ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ችግር ሲደርስብን «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያልን እንዳንቆጭ፣ ይህ ለሸይጧን በር እንደሚከፍት አስተምረውናል። ቁርኣን ደግሞ በሱረቱል አንቢያ 22ኛ አያ ከአላህ ሌላ አማልክት ቢኖሩ ሰማይና ምድር ምን ይገጥማቸው እንደነበር በማንሳት ተውሒድን ያስረዳናል። ዑለማዎች እንዳብራሩት የተከለከለው በቀደር ላይ የሚያማርር «ኖሮ» ነው። ምክንያትን ለመመርመር መጠየቅ ሌላ ነው። መድኃኒት ሲሞከር መድኃኒቱን ያልወሰዱ ሰዎችን የምናነጻጽረውም «ባይሰጥስ ኖሮ?» ብለን ነው።

እንግዲህ አባባሉን እንመርምረው። የሳይንሱ ማክተሚያ የባግዳድ መውደቅ ከሆነ ከ1258 በኋላ ትልቅ ሥራ ማግኘት የለብንም። ግን እናገኛለን። በ1259 ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ በመራጋ የከዋክብት መመልከቻ ማዕከል መሠረቱ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ የኡመውያ መስጂድ የሶላት ወቅት ቀማሪ የነበሩት ኢብኑ ሻጢር ስለ ጨረቃ እንቅስቃሴ የሠሩት ስሌት ኮፐርኒከስ በ1543 ካሳተመው ጋር በሒሳብ አንድ ነው። በ1424 ደግሞ አል-ካሺ በሰመርቀንድ ፓይን እስከ 16 የዴሲማል አሃዝ አሰሉ።

ሌላም አለ። የመራጋን ማዕከል ወጪ የሸፈነው ባግዳድን ያጠፋው ሁላጉ ራሱ ነው። ሞንጎሎችን ከታሪኩ ስናወጣ መራጋም አብሮ ሊወጣ ይችላል። አንዱን ክር መዘን ሌላው እንዳለ ይቀራል ማለት አንችልም።

ይህ የባግዳድን ሰቆቃ አያሳንስም፤ የሞተው ሰውና የጠፋው መጽሐፍ ብዙ ነው። ግን ለኋላ ቀርነታችን ሁሉ አንድ ቀንና አንድ ጠላት መጥራት ታሪኩ አይደግፈውም። የሚብሰው ደግሞ ከራሳችን ድርሻ ያዘናጋናል። የጡሲ ትውልድ ከጥፋቱ ማግስት ሥራ ጀመረ፤ እኛ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ሰበብ እናደርገዋለን።

ስለዚህ «ኖሮ» ስንል ራሳችንን እንጠይቅ፦ ልንማርበት ነው ወይስ ልንጽናናበት? የመጀመሪያው ከሆነ ማስረጃ እንፈልግ። ሁለተኛው ከሆነ «ቀደረሏህ» ብለን ወደ ላይብረሪ እንሂድ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።