ጉለሌ ውስጥ ቤትዎን ከመሸጥዎ በፊት፦ እውነተኛ ዋጋውን የማወቂያ ስድስት እርምጃዎች

ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ጳውሎስ፣ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ዋጋውን መጀመሪያ የሚሰማው ከደላላ ወይም ከጎረቤት ነው። ደላላው ሽያጩ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል፤ ጎረቤት የሚያወራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጠየቀውን እንጂ የተከፈለውን ዋጋ አይደለም። ቤት ለአብዛኛው ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ስለሆነ፣ ከገዢ ጋር ከመቀመጥዎ በፊት በራስዎ የተሠራ ሒሳብ በእጅዎ ሊኖር ይገባል።

1. የሚሸጡት ምን እንደሆነ ይለዩ

የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥም። የሚሸጡት ቤቱንና በቦታው ላይ ያለዎትን የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ ይዞታዎ ነባር ነው ወይስ ሊዝ የሚለው ጥያቄ ዋጋውን ይነካል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ነገሩን የሚያውቅ ገዢ ይህን ከወዲሁ ያሰላል። ሊዝ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለው ቀሪ ክፍያ ይታሰባል። በዕጣ የደረሰዎት ኮንዶሚኒየም ከሆነ የ5 ዓመቱ የሽያጭ ገደብ ማለቁንና ቀሪውን የባንክ ዕዳ ያረጋግጡ።

2. ካርታውን ከግቢው ጋር ያስተያዩ

በጉለሌ ነባር ሰፈሮች አጥሩና ካርታው የማይገጥሙበት ግቢ አለ። ካርታው 175 ካሬ ቢል፣ አጥሩ ውስጥ 210 ካሬ ቢለካም፣ ጠንቃቃ ገዢ የሚከፍልዎ ለ175ቱ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ ቤትም እንዲሁ በሙሉ ዋጋው አይቆጠርም። ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሾች ማስረጃ ወጥቶ ስሙ መዛወሩን፣ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት መኖሩን አስቀድመው ይጨርሱ። ወረቀቱ ያልተሟላ ቤት ከአቻው ባነሰ ዋጋ ይሸጣል፤ ወረቀቱን ማስተካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ከመቀባት የበለጠ ዋጋ ይጨምራል።

3. የከተማው ፕላን ስለ ቦታዎ ምን እንደሚል ይጠይቁ

ጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው፤ ወንዞች ያቋርጡታል፣ ላይኛው ክፍሉም ደን ነው። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የሸገር ወንዝ ዳር ማስዋብ ሥራና በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለአዲስ አበባ ቤት ባለቤቶች አንድ ነገር አስተምረዋል፦ የመንገድ ወይም የወንዝ ዳር መስመር የቤትን ዕጣ ይወስናል። ቦታዎ በመንገድ ማስፋፊያ፣ በወንዝ ዳርቻ ወይም በአረንጓዴ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን፣ ምን ያህል ፎቅ እንደሚፈቀድም ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ። መልሱ ዋጋውን ሊጥለው እንደሚችል ሁሉ ሊያንረውም ይችላል።

4. የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ ይሰብስቡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። በሰፈርዎ በቅርብ ወራት ከተሸጡ ቤቶች ቢያንስ ሦስቱን ይፈልጉና ሻጩን ወይም ገዢውን ራሱን ይጠይቁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት የተሸጠን ቤት ማነጻጸሪያ አያድርጉ፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብርም የግንባታ ዕቃም ዋጋ ተለውጧል።

ከዚያ ዋጋውን ለካሬ ያካፍሉ። ቁጥሮቹ ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው፦ 150 ካሬ በ12 ሚሊዮን ብር ከተሸጠ በካሬ 80 ሺህ፣ 200 ካሬ በ15 ሚሊዮን ከሆነ 75 ሺህ፣ አስፋልት ዳር ያለ 120 ካሬ በ10.8 ሚሊዮን ከሆነ 90 ሺህ ይመጣል። የእርስዎ 160 ካሬ ውስጥ ለውስጥ ያለ ከሆነ የአስፋልቱን ይተዉት፤ 160ውን በ75 ሺህና በ80 ሺህ አባዝተው ከ12 እስከ 12.8 ሚሊዮን ያለውን ይያዙ።

በዚህ ክልል ውስጥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚወስዱዎት መኪና የሚገባበት ቅያስ መኖሩ፣ የቦታው ተዳፋትነት፣ የድጋፍ ግንብ ማስፈለጉ፣ የውሃ ፈረቃና የታክሲ ርቀት ናቸው። በጋዜጣ የሚወጡ የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያዎችም የቦታ ስፋትና መነሻ ዋጋ ስለሚገልጹ ይጠቅማሉ፤ ሆኖም መነሻ ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም።

5. ቤቱን በመሐንዲስ ያስገምቱ

ከሰፈሩ ጋር የማይዛመድ መሐንዲስ ቀጥረው ቤቱን ዛሬ ለመሥራት የሚፈጀውን ወጪ፣ ከዚያም በዕድሜው የሚቀነሰውን ያሰሉ። የብሎኬት ጂ ፕላስ ዋን እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል። ለአሮጌ የጭቃ ቤት ግን ገዢው የሚከፍለው በዋናነት ለቦታው መብት ነው፤ የማፍረሻ ወጪውንም ከዋጋው ላይ ሊቀንስ ይችላል። የባንክ ግምት ካገኙ፣ ባንክ ለብድር መያዣ ሲገምት የሚጠነቀቅ መሆኑን አስበው እንደ ዝቅተኛ ግምት ይያዙት።

6. ወጪውን ቀንሰው ሦስት ዋጋ ይጻፉ

የደላላ ኮሚሽን ስንት በመቶ እንደሆነና ከማን እንደሚቆረጥ ቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። ስም ማዛወሪያውንና 2 በመቶ የሆነውን የቴምብር ቀረጥ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይግባ። የከተማው ጽሕፈት ቤት ለክፍያ ማስሊያ የሚያወጣው ግምት ከገበያው ሊለይ ስለሚችል የመሸጫ ዋጋዎን በእሱ አይወስኑ።

አሁን መጠየቂያ ዋጋ፣ የሚጠብቁት ዋጋና ከዚያ በታች የማይሸጡበት ዋጋ ለየብቻ ይጻፉ፤ ከቤተሰብ ጋርም ይስማሙበት። ገዢ ዝቅ አድርጎ ሲጠይቅ በካሬ የሠሩትን ስሌት ያሳዩትና የእሱን ስሌት ይጠይቁ። ሲስማሙም ውልና ማስረጃ ቀርበው የተከፈለውን እውነተኛ ዋጋ ያስጽፉ። ዋጋን በውል ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ ሕግ መጣስ ነው፤ ክርክር ቢነሳም የቀረውን ገንዘብ ማስረዳት የሚከብደው እርስዎን ነው።