ድረ ገጽና አማርኛ ፊደላችን

ድረ ገጽ መንደፍ የሚጀምር ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ገጹን እንደ ወረቀት በመቍጠሩ ነው። ይህ በእጃችሁ ያለው መጽሔት ከተባዛ በኋላ የፊደሉን መጠንም ሆነ የመስመሩን ርዝመት አንባቢው ሊለውጠው አይችልም። ድረ ገጽ ግን እንዲህ አይደለም። ነዳፊው የሚልከው ጽሑፉንና ጽሑፉ እንዴት ቢቀመጥ መልካም እንደሚሆን ነው፤ ገጹ ራሱ የሚሠራው በአንባቢው መሣሪያ፥ በአንባቢው መስኮት ስፋት ልክ ነው።

ይህም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በ1989 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም ሐሳቡን ሲያቀርብ፥ ልዩ ልዩ ኮምፒዩተር ያላቸው ሊቃውንት አንዱን ጽሑፍ ሁሉም እንዲያነቡት ፈልጎ ነበር። ስለዚህ ኤች ቲ ኤም ኤል የተባለው ሥርዓት በመሠረቱ «ይህ አርእስት ነው፤ ይህ አንቀጽ ነው» ይላል እንጂ፥ «ይህ ከግራ ሦስት ጣት ይራቅ» አይልም።

የኅትመት ልማድ የነበራቸው ነዳፊዎች ይህ አልተዋጠላቸውም። በ1990ዎቹ ገጹን በሠንጠረዥ እየከፋፈሉ፥ የማይታይ ባለ አንድ ነጥብ ሥዕል እየወሸቁ ሁሉን በቦታው ሊቸነክሩት ደከሙ። ብልኀቱስ ያስደንቃል! ይሁንና መስኮቱ የጠበበበት አንባቢ ግማሹ መስመር ይቀርበት ነበር። በ2010 ኤታን ማርኮት በመስኮቱ ስፋት ራሱን የሚያስተካክል ንድፍ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ፤ የእጅ ስልክም ስለ ተስፋፋ ብዙዎች ሰሙት።

በእኛ ፊደል ነገሩ ይብሳል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ፊደል ሠሪዎች ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቦታ እንደየፈቀዳቸው ይደለድሏቸው ስለ ነበር፥ ያ ፊደል የሌለው አንባቢ የሚያየው የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ነበር። በዚያን ጊዜ አማርኛን በሥዕል መለጠፍ የሚያስወቅስ አልነበረም።

ዛሬ ምክንያቱ ቀርቶ ልማዱ ቀረልን። ማስታወቂያውም፥ ግጥሙም፥ የፈተናው መርሐ ግብር ሳይቀር በሥዕል ይለጠፋል። ቀለሙ ያምራል፤ ነገር ግን በቃል ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ዓይነ ስውር ለሆነው ጓደኛችን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለት መሣሪያ በሥዕሉ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። በትንሽ ስልክ ለሚያነበውም መስመሩ አይታጠፍለትም፤ ለኢንተርኔት የሚከፍለው ገንዘብ ደግሞ ይጨምራል።

«በእውነተኛ ፊደል ከተጻፈ ውበቱ ይቀራል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን የነዳፊው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፊደላችን እንደ ላቲን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አርእስት የሚለየው በመጠን፥ በውፍረትና በባዶ ቦታ ነው። «ቡ» ከ«ቢ» የሚለየውም በቅጥያው ከፍታ ብቻ ስለ ሆነ፥ ለላቲን በሚበቃው መጠን ቢጻፍ ዓይን ያደክማል፤ ፊደሉ ከፍ፥ መስመሩም ራቅ ይበል። ገጹን የጨረሰ ሰው በትንሽ ስልክ ከፍቶ ፊደሉን እጥፍ ያድርገው፤ ከዚያም ከጽሑፉ አንዲት ቃል መርጦ በመፈለጊያው ይፈልጋት። ካልተገኘች ሥራው ገና ነው።