መርፌው ከሰውነት የሚወጣው መቼ ነው?
የማይግሬን መከላከያ መርፌዎች የጎንዮሽ ጉዳትና የግማሽ ዕድሜ ሕግ

ባለፈው ዓመት በአሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ስልክ ደወለችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ለራስ ምታቱ መርፌ ከተወጋሁ ወዲህ የቀኝ ዓይኔ ቆብ ወደ ታች ወርዷል፤ እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው?» አለችኝ። እኔ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በመጀመሪያ የነገርኳት ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ እንድታሳውቅ ነው። ጥያቄዋ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። «ልቀር ነው?» ማለት ስለ ጊዜ መጠየቅ ነው፤ ስለ ጊዜና ስለ መጠን ደግሞ ፊዚክስ የሚለው አለው። በዚህ ጽሑፍ ሥር ለሰደደ ማይግሬን የሚሰጡትን ሁለት ዓይነት የመከላከያ መርፌዎችና የጎንዮሽ ጉዳታቸውን እንመለከታለን።

መከላከያ ለምን አስፈለገ?

ማይግሬን ሥር የሰደደ ነው የሚባለው ራስ ምታቱ ከ3 ወር በላይ፣ በየወሩ 15 ቀንና ከዚያም በላይ ሲከሰት፣ ከእነዚህም ቀናት ቢያንስ 8ቱ የማይግሬን ጠባይ ሲኖራቸው ነው። ሕመምተኛው የዕድሜውን እኩሌታ በሕመም ያሳልፋል ማለት ነው። የማስታገሻ ክኒን ማዘውተርም መፍትሔ አይሆንም፤ ክኒኑ ሲበዛ ራሱ የራስ ምታት መንሥኤ ይሆናልና። በመሆኑም ሕመሙ ከመነሣቱ አስቀድሞ የሚከላከል ሕክምና ያስፈልጋል።

ቦቱሊነም ቶክሲን

የመጀመሪያው መርፌ በብዙዎች ዘንድ ቦቶክስ በመባል የሚታወቀው ነው። ለሥር ሰደድ ማይግሬን መከላከያነት በእንግሊዝና በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በየ12 ሳምንቱ 155 ዩኒት መድኃኒት በራስ፣ በአንገትና በትከሻ ጡንቻዎች ላይ በሚገኙ 31 ነጥቦች ተከፋፍሎ ይወጋል። እዚህ ላይ «ዩኒት» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። እንደ ግራም የክብደት መለኪያ አይደለም፤ መድኃኒቱ በአይጦች ላይ ባለው ኃይል የተተመነ ነው። ከዚህም የተነሣ የአንዱን አምራች ዩኒት በሌላው አምራች ዩኒት መተካት አይቻልም።

መድኃኒቱ የነርቭ ጫፎች መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎችን እንዳይለቁ ያግዳል። የሕመምን መልእክት መግታቱ ጥቅሙ ሲሆን፣ ጡንቻን ማላላቱ ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳቱ ምንጭ ነው። የአንገት ጡንቻ ሲላላ አንገት ይታመማል፤ በግንባር ላይ የተወጋው መድኃኒት የዓይንን ቆብ ወደሚያነሣው ጡንቻ ከደረሰም ቆቡ ይወርዳል።

ይህ ምን ያህል ያጋጥማል? በምርምሮቹ መርፌውን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 9ኙ የአንገት ሕመም ተሰምቷቸዋል። ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት ከ100 ሰዎችም 3ቱ ይህንኑ ተናግረዋል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ጋር ሊያያዝ የሚችለው ልዩነቱ፣ ማለትም ከ100 ሰዎች 6 ነው። በሌላ አነጋገር፣ 17 ያህል ሰዎች ሲታከሙ አንዱ በመድኃኒቱ ምክንያት አንገቱን ይታመማል። የዓይን ቆብ መውረድ በ4 በመቶ ታይቷል፤ በንጽጽሩ ቡድን ግን ከ1 በመቶ በታች ነበር። ተማሪዎች ሆይ፣ የጎንዮሽ ጉዳትን ቁጥር ስታነቡ ምንጊዜም ንጽጽሩን ጠይቁ!

ነርቩ ከጊዜ በኋላ ሥራውን ስለሚጀምር የወረደ ቆብ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ሆኖም መድኃኒቱ ከተወጋበት ቦታ ርቆ ሊሠራጭ እንደሚችል ብርቱ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። ስለሆነም መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ያስቸገረው ሰው ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

የአንቲቦዲ መርፌዎች

እ.ኤ.አ. በ1990 ፒተር ጎድስቢና ላርስ ኤድቪንሰን በማይግሬን ወቅት ከራስ በሚመለስ ደም ውስጥ ሲጂአርፒ የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚጨምር አሳዩ። ይህ ንጥረ ነገር የደም ሥርን ያሰፋል፤ በሕመም መተላለፍም ድርሻ አለው። ከዚህ ግኝት በመነሣት ኤረኑማብ፣ ፍረማነዙማብና ጋልካነዙማብ የተባሉ ከቆዳ ሥር የሚወጉ አንቲቦዲዎች በ2018 በአሜሪካ ተፈቀዱ። ኤረኑማብ የሲጂአርፒን መቀበያ ሲዘጋ፣ ሁለቱ ራሱን ሲጂአርፒን ይይዛሉ።

የኤረኑማብ የተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት የተወጋው ቦታ መቅላትና መቁሰል ነው፤ ይህም በ5 ወይም በ6 በመቶ፣ በንጽጽሩ ቡድን ደግሞ በ3 በመቶ ታይቷል። በከፍተኛው መጠን፣ በ140 ሚሊግራም፣ የሆድ ድርቀት በ3 በመቶ ሲያጋጥም በንጽጽሩ 1 በመቶ ነበር። መድኃኒቱ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ሆስፒታል የሚያስተኛ ድርቀት፣ የደም ግፊት መጨመርና አለርጂ ስለ ታዩ ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል።

እንግዲህ ወደ ጊዜው ጥያቄ እንመለስ። የኤረኑማብ ግማሽ ዕድሜ 28 ቀን ነው፤ ይኸውም በደም ውስጥ ያለው መጠን በየ28 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የምናውቀው ሕግ ይኸው ነው፦ ከ28 ቀን በኋላ 50 በመቶ፣ ከ56 ቀን በኋላ 25 በመቶ፣ ከ84 ቀን በኋላ 12.5 በመቶ፣ ከ140 ቀን በኋላ 3 በመቶ ያህል ይቀራል። በየ28 ቀኑ ሲወጋ ደግሞ ካለፈው የተረፈው በአዲሱ ላይ ይደመራል፤ የ1፣ የ1/2፣ የ1/4... ድምር ወደ 2 እንደሚጠጋ ሁሉ፣ መጠኑም ከአንዱ መርፌ እጥፍ አያልፍም። ሰውነት እንደ ራዲዮአክቲቭ ድንጋይ ቀላል ባለመሆኑ ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን አይለወጥም።

ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ክኒን ዛሬ ቢቆም በቀናት ውስጥ ከሰውነት ሊወጣ ይችላል፤ የተወጋ አንቲቦዲ ግን ተመልሶ አይቀዳም። ድርቀት የሚያስቸግረው ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህንን ለሐኪሙ መናገር የሚገባው ከመርፌው በፊት ነው። ለመፀነስ የምታስብ ሴትም ወራት አስቀድማ መመካከር ይኖርባታል።

እኅቴ በዚያች ሰሞን ሕክምናውን ጨርሳ ልትተው ወስና ነበር። የዓይኗ ቆብ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ የግንባሯን ነጥቦች አስተካክሎ ወጋት። አሁን ራሷን ያመማትን ቀንና የታየባትን የጎንዮሽ ጉዳት በደብተር ትመዘግባለች። መለካት የጀመረ ሰው ከፍርሃቱ ጋር በቁጥር ይነጋገራል።

መልመጃ፦ የፍረማነዙማብ ግማሽ ዕድሜ 31 ቀን ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ መጠኑ ወደ 10 በመቶ የሚወርደው በስንት ቀን ነው? በሎጋሪዝም ብትሠሩት 103 ቀን ያህል ታገኛላችሁ።