ትእዛዝንና ምክንያቱን ማያያዝ፦ «እንዳይ-» እና «ስለሚ-»

የአሠራር መመሪያ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ «ይህን አድርግ፤ ያን አታድርግ» ብሎ ያልፋል። ምክንያቱ ያልተገለጸለት አንባቢ ግን ሥራ ሲበዛበት አስቀድሞ የሚተወው ያንኑ ትእዛዝ ነው። የሚከተለው አንቀጽ የተጻፈው በቡና ቤት ማሽን ላይ ለሚሠራ ጀማሪ ነው። በጥሞና አንብቡት።

«የተፈጨውን ቡና ስትጠቀጥቅ የእጅህ አንጓ እንዳይታጠፍ ክርንህን ከመጠቅጠቂያው ትክክል በላይ አድርገህ ጫን። አንጓ ታጥፎ በቀን መቶ ጊዜ ከተጫነ ጅማቱ ስለሚቆጣ፣ ጠረጴዛው ከክርንህ ጥቂት ዝቅ ያለ ይሁን። ቡናው አንዴ ከጠበቀ በኋላ ተጨማሪ ጉልበት እምብዛም ስለማይጠቅመው በኃይል አትጫነው፤ ውሃውን በ9 ባር ያህል ግፊት የሚገፋው ፓምፑ እንጂ ክንድህ አይደለም። የማጥለያውን እጀታ ማሽኑ ላይ ስታጠብቅ አንጓህ ብቻ እንዳይጠመዘዝ መላ ሰውነትህን አብረህ አዙር። እጀታው ያለ ብዙ ኃይል አልጠብቅ ካለ፣ የማሽኑ ጎማ አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል አስለውጠው። አውራ ጣትህ፣ አመልካች ጣትህና የመሐል ጣትህ ሌሊት ሌሊት ከደነዘዙ፣ በአንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገይ ሐኪም አማክር።»

«እንዳይ-» ሊደርስ የሚችለውንና ልንከላከለው የምንሻውን ነገር ያመለክታል። «ስለሚ-» ደግሞ እውነት ነው ብለን የተቀበልነውን ምክንያት ይናገራል። ስለዚህ «ጅማቱ ስለሚቆጣ አንጓህን አቅና» ብቻ ብንል፣ ጅማቱ አንጓው ቀና ቢሆንም የሚቆጣ ይመስላል። ከላይ «ታጥፎ ከተጫነ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ የገባው ለዚህ ነው። ብዙ ተማሪዎች ደግሞ «አንጓህ ስለማይታጠፍ አቅናው» ብለው ይጽፋሉ። የማይታጠፍ ከሆነ ማቅናቱ ለምን አስፈለገ? «እንዳይ-» አሉታን በውስጡ ይዟል፤ «ስለማይ-» ግን አለመሆኑን እንደ ምክንያት ያቀርባል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን አያይዛችሁ በትእዛዝ መልክ ጻፉ፦ «የወተቱ ጆግ ከመጠን በላይ ይሞላል። ትከሻ ይደክማል።» በመጀመሪያ በ«እንዳይ-»፣ ቀጥሎም በ«ስለሚ-» ጻፉት።

ለ. እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የቀረቡት የጋጃ ማሽኖች ሞላቸው የሚወጠረው በሠራተኛው ክንድ ነበር። ፋኤማ የተባለው የሚላኖ ኩባንያ በ1961 ባወጣው ማሽን ግፊቱን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተካው። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች በምክንያት አያያዥ አገናኙ።

ሐ. እንጀራ መጋገርን፣ ሽመናን ወይም ልብስ ስፌትን መርጣችሁ፣ ሠራተኛው ወገቡንና እጁን የሚጠብቅበትን መንገድ በ10 መስመር ጻፉ። ያለ ምክንያት የቀረ አንድም ትእዛዝ አይኑር።