ግፊት ሳይጎድል ውኃ ለምን ይቀጥናል?

ሐርጌሳ ውስጥ ውኃ በገንዘብ የሚገዛ ነገር መሆኑን ከእኛ ተማሪዎች መካከል የማያውቅ የለም። የከተማዋ ዋና የውኃ ምንጭ በሰሜን በኩል ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የሚገኙት የገድ ዴብሌ ጉድጓዶች ናቸው። ጉድጓዶቹ ከከተማዋ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ስላሉ ውኃው በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ ይመጣል። መስመር ያልገባላቸው ቤቶች ከቦቴ ወይም ከአህያ ጋሪ ይገዛሉ። የተገኘውን ውኃ ለማቆየት ብዙዎቻችን ጣሪያ ላይ ሮቶ አለን።

ዘንድሮ ስለ ግፊት ስንማር አንድ ጓደኛችን «የወጥ ቤታችን ቧንቧ ውኃው እንደ ክር ቀጥኗል፤ አባዬ ፓምፕ ሊገዛ ነው» አለን። መምህራችንም «ከመግዛታቸው በፊት ለኩ» አሉን።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ነበረብን። ግፊት ውኃው የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ፍሰት ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚወርደው የውኃ መጠን ነው። የሮቶ ግፊት የሚመጣው ከከፍታው ነው። 10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል። በጓደኛችን ቤት የሮቶው ውኃ ከቧንቧው 3 ሜትር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ግፊቱ 0.3 ባር ያህል ነው። በዚያው ከፍታ የ1,000 ሊትሩን ሮቶ በ5,000 ሊትር ብንለውጠው ውኃው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል እንጂ ግፊቱ አይጨምርም።

ከዚያ ፍሰቱን ለካን። 20 ሊትር የሚይዘው ጄሪካን በ5 ደቂቃ ሞላ፤ በደቂቃ 4 ሊትር ማለት ነው። ቀጥለን ግንበኞች ለውኃ ልክ የሚጠቀሙበትን ውስጡ የሚታይ ጎማ ከቧንቧው አፍ ጋር አጥብቀን አሰርን። የጓደኛችን አባት ሌላውን ጫፍ ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ። ቧንቧውን ስንከፍት ውኃው በጎማው ውስጥ ቀስ እያለ ወጣና ሮቶው ውስጥ ካለው ውኃ ጋር እኩል ሆኖ ቆመ። ግፊቱ አልጎደለም ማለት ነው። ችግሩ መተላለፊያው ላይ ነበር።

የቧንቧውን አፍ ስንፈታ ትንሿ ወንፊት በነጭ ቅርፊትና በአሸዋ ተደፍናለች። አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈን አጥበን መለስናት። ያው ጄሪካን በ2 ደቂቃ ሞላ፤ በደቂቃ 10 ሊትር ሆነ። ለፓምፕ የታሰበው ገንዘብም ተረፈ።

የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ቤቶችም ይህንኑ በሌላ መልክ ያዩታል። ፓምፑ የገንዳውን ውኃ በአሸዋ ማጣሪያ ውስጥ ይገፋል። ማጣሪያው ሲቆሽሽ ከፊቱ ያለው የግፊት መለኪያ ከፍ ይላል፤ ወደ ገንዳው የሚመለሰው ውኃ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ባለሙያዎች የመለኪያው ቁጥር ሲጨምር ማጣሪያውን ያጥባሉ እንጂ ፓምፕ አይጨምሩም።

ውድ ወላጆች፣ የቤታችሁ ውኃ ሲቀጥን በመጀመሪያ ሌሎቹን ቧንቧዎች ክፈቱ። አንዱ ብቻ ከቀጠነ ወንፊቱን አጽዱ። ሁሉም ከቀጠኑ የሮቶውን መዝጊያ፣ የቱቦውን ስፋትና ከፍታውን አስመርምሩ። ፓምፕ የመጨረሻው መፍትሔ ይሁን። ለመለካት ጄሪካንና ሰዓት ይበቃል፤ ልጆቻችሁም ሊያግዟችሁ ዝግጁ ነን።