የአቡነ ጴጥሮስ አደባባይና አንዲት ቃል

ከጎጃም ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባ ሰው ፒያሳ አካባቢ አንድ አደባባይ ያገኛል። አደባባዩ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ነው። እዚያ የአንድ ጳጳስ ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱ የአቡነ ጴጥሮስ ነው። ጦር ያልመሩ፣ ጠመንጃ ያልተኮሱ ጳጳስ እንደ ጀግና ሐውልት የቆመላቸው ለምንድን ነው? እስቲ እናንብብ።

አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ፣ ፍቼ አካባቢ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው መምህር ሆኑ። በ1921 ዓ.ም. የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ። ከዚያ በፊት ጳጳስ ይመጣልን የነበረው ከግብፅ ነው። እሳቸው ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። አርበኞች ግን እጃቸውን አልሰጡም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ከተማዋን ለማስለቀቅ ገጠሙ። ጠላት በመሣሪያ በረታባቸውና ወደ ኋላ ተመለሱ። ከአርበኞቹ ጋር የነበሩት አቡነ ጴጥሮስም በጠላት እጅ ወደቁ።

ጠላት ከእሳቸው የፈለገው ወርቅ አይደለም፤ መሬትም አይደለም። የፈለገው ቃላቸውን ነው። አርበኞቹን «ሽፍታ» ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ጠየቃቸው። እምቢ አሉ። ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱም ለጠላት እንዳትገዛ ገዝተዋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ።

ጠላት ስለ አንዲት ቃል ይህን ያህል ለምን ተጨነቀ? ነገሩን በገበሬ ዓይን እንየው። ሽፍታ ለተባለ ሰው ማን በሩን ይከፍትለታል? ያለበት ቦታ ይጠቆማል እንጂ ስንቅ አይቋጠርለትም። አርበኛ ለተባለው ግን ገበሬው ከጎተራው ቀንሶ ይሰጠዋል፤ መንገዱን ያሳየዋል፤ ሲቆስል ይደብቀዋል። ስለዚህ ስሙን የቀየረ ስንቁን ቆረጠ ማለት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለዚህ ነው።

በጎጃምም እንዲሁ ሆኗል። እነ በላይ ዘለቀ፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ በዱር በገደል ሲዋጉ ጠላት ሽፍቶች ይላቸው ነበር። ገበሬው ግን አርበኞቼ ብሎ አበላቸው፤ አብሯቸውም ተዋጋ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ቡሬን፣ ቀጥሎም ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ።

ሐውልቱም የራሱ ታሪክ አለው። በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሥራ ሲባል ከቦታው ተነሥቶ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ። ያኔ «ይመለስ ይሆን?» ብሎ የሰጋ ብዙ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። ታሪኩ ከተረሳ ሐውልት ባዶ ድንጋይ ነው። ማንበብ የቻለ ሰው ደግሞ ማን አርበኛ፣ ማን ባንዳ እንደነበረ ሌላ ሰው እስኪነግረው አይጠብቅም።

የቃላት ፍቺ

ሐውልት፦ ለመታሰቢያ የሚቆም ድንጋይ ወይም ምስል
አርበኛ፦ ለአገሩ ነፃነት ጠላትን የሚዋጋ
ባንዳ፦ ለጠላት ያደረ
ማውገዝ፦ በሃይማኖት ሥልጣን መለየት፣ መኮነን
ገዘተ፦ በሃይማኖት ቃል ከለከለ

ጥያቄዎች

1. ጠላት አቡነ ጴጥሮስን ምን እንዲናገሩ ፈለገ?
2. «ሽፍታ» እና «አርበኛ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለገበሬው ምን ያመጣል?
3. በቀበሌያችሁ በጠላት ዘመን አርበኛ የነበረ ሰው አለ? ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ስሙንና የሠራውን ሥራ በ3 ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የጻፋችሁትንም ለልጆቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።