በሱስ የተያዘ ሰው የልጅነት በደል የሚመዘንበት መንገድ

የሱስ ሕመምና የልጅነት በደል ምንነት

ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር የሚባለው የአእምሮን አሠራር ለጊዜው የሚለውጥና ተደጋግሞ ሲወሰድ ለመላቀቅ የሚያስቸግር ነገር ነው። አረቄ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ ጫት፣ ሲጋራና ሀሺሽ ከዚህ ይመደባሉ። መጠቀም ብቻውን ግን ሕመም አይባልም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ 11 መለያዎች ተቀምጠዋል፤ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ በ12 ወራት ውስጥ ታይተው ኑሮን ካወኩ የሱስ ሕመም አለ ይባላል። ካሰቡት በላይ መውሰድ፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ ሀራራ (ንጥረ ነገሩን የመሻት ብርቱ ግፊት) እና ሥራን ወይም ቤተሰብን ችላ ማለት ከመለያዎቹ ውስጥ ይገኛሉ።

የልጅነት በደል ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ጥቃት ነው፤ በልጁ ላይ የተደረገ ነገር ማለት ነው። ጥቃት አካላዊ፣ ስሜታዊ ወይም ወሲባዊ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቸልተኝነት ሲሆን ለልጁ ሊደረግለት ሲገባ የቀረ ነገር ነው። ምግብ፣ ልብስና ሕክምና መንፈግ አካላዊ ቸልተኝነት ይባላል፤ ፍቅርና ከለላ መንፈግ ደግሞ ስሜታዊ ቸልተኝነት። ቸልተኝነት ጠባሳ ስለማይተው ከጥቃት ይልቅ ሳይታወቅ የሚያልፈው እሱ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙበት መንገድ

በደል የሚደርስበት ልጅ ሰውነት ለአደጋ በተጠንቀቅ ይቆማል። ኮርቲዞል (አደጋ ሲመጣ ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን) በተደጋጋሚ ሲረጭ፣ ጭንቀትን የሚቆጣጠረው የአእምሮ ክፍል በማደግ ላይ እንዳለ አሠራሩ ይለወጣል። እንዲህ ያደገ ሰው በትንሽ ነገር ይደነግጣል፤ ለመረጋጋትም ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። መጠጥ ወይም ሌላ ንጥረ ነገር ይህን ስሜት ለጥቂት ሰዓታት ስለሚያደነዝዝ፣ ለሌላው መዝናኛ የሆነው ለእሱ ማስታገሻ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ቪንሰንት ፌሊቲ፣ ሮበርት አንዳና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሳንዲያጎ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በልጅነታቸው አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያዩ ሰዎች ምንም ካላዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለአልኮል ሱስ፣ ለዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ተጋላጭነት ግን ዕጣ ፈንታ አይደለም። ብዙ የተበደሉ ልጆች ሱስ ሳይዛቸው ያድጋሉ፤ ብዙ የሱስ ታካሚዎችም በደል ሳያውቁ ያደጉ ናቸው። በግምት መወሰን የማይቻለውና ምዘና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በመጠይቁ ላይ የሚሰፍረው

በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ዴቪድ በርንስታይንና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት የልጅነት ጉዳት መጠይቅ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ ሲሆን የተፈተነው የአልኮል ወይም የዕፅ ሱስ ባለባቸው 286 ታካሚዎች ላይ ነበር፤ መሣሪያው ከመነሻው ከዚህ ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው። አሁን የተለመደው አጭር ቅጂ 28 ጥያቄዎች አሉት። ከላይ ለተጠቀሱት አምስት የበደል ዓይነቶች ለእያንዳንዳቸው አምስት ጥያቄ ይቀርባል፤ መልሱም ከ«ፈጽሞ» እስከ «በጣም ብዙ ጊዜ» ድረስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ያገኛል።

ስለዚህ የአንድ ዓይነት በደል ድምር ከ5 አያንስም፣ ከ25 አይበልጥም። 5 ማለት ምንም በደል አልተነገረም ማለት ነው፤ ጀማሪ መዛኝ ይህን ቁጥር እንደ ጥቂት በደል ሊያነበው ይችላል። ከእነዚህ 25 ጥያቄዎች ሰባቱ ደግሞ ስለ መልካም ነገር (ስለ መወደድ፣ ስለ መጠበቅ) ስለሚጠይቁ ነጥባቸው ተገልብጦ ይደመራል። የቀሩት ሦስቱ ጥያቄዎች ልጅነትን እንከን የለሽ አድርጎ የማቅረብ ዝንባሌን ለመለየት የገቡ ናቸው።

መጠይቁ ባሌ ሲደርስ

ጎባ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚገኝባት ከተማ ናት። ታካሚ ወደ ጎባ ሊላክባት የምትችለው ሪራ ግን ከሰነቲ አምባ ማዶ፣ በሐረና ደን ዳርቻ ያለች መንደር ስትሆን፣ ነዋሪዎቿ በከብትና በማር ይተዳደራሉ፤ ቋንቋቸውም አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዳይ ትርጉም ነው። ተገቢው አሠራር መጠይቁን አንድ ባለሙያ ወደ አፋን ኦሮሞ እንዲመልሰው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ እንዲመልሰውና ሁለቱ እንዲነጻጸሩ ማድረግ ነው። በአማርኛ የተጻፈውን ጠያቂው በቃሉ እየተረጎመ ቢጠይቅ ግን እያንዳንዱ ታካሚ የተለየ ጥያቄ መለሰ ማለት ነው፤ ድምሩን ማወዳደርም አይቻልም።

ከቃል የሚከብደው ይዘቱ ነው። በውጭ የተጻፈ መጠይቅ ስለ ቀበቶና ስለ ገመድ ሲጠይቅ፣ እዚህ ያደገ ሰው የሚያስታውሰው ግን አለንጋን፣ ኩርኩምን፣ ቁንጥጫን፣ ተንበርክኮ መቆየትን፣ በበርበሬ ጭስ መታጠንን ነው። እነዚህ በስማቸው ካልተጠሩ መልሱ «አልደረሰብኝም» ይሆናል። «ተበድለሃል ወይ?» የሚለው ጥያቄም ብዙ አይጠቅምም፤ በበርበሬ የታጠነ ሰው ድርጊቱን ቅጣት እንጂ በደል ብሎ ላይጠራው ይችላልና። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ሲደነግግ ቤትን በስም አይጠቅስም፤ የወላጅ ዱላም በብዙዎች ዘንድ እንደ አስተዳደግ ይቆጠራል። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ድርጊቱ መሆን አለበት፦ በምን ተመታ፣ ስንት ጊዜ፣ ሰንበር ወይም ቁስል ቀረ ወይ።

ቸልተኝነትን መለየት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ የተበደለ ነው ወይስ ቤቱ ድሃ ነበር? በድርቅ ዓመት መላው ቤተሰብ አብሮ ከተራበ ያ መከራ ነው፤ ቸልተኝነት ግን አይደለም። ሌሎቹ የቤቱ ልጆች በልተው አንዱ ብቻ ከተከለከለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለትምህርት ወደ ሮቤ ከተማ ወይም ወደ ጎባ ዘመድ ቤት ተልኮ እንደ አገልጋይ የኖረ ልጅ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። መጠይቁ ይህን ልዩነት በራሱ አያወጣም። «ሌሎቹ ልጆችስ?» የሚል ተጨማሪ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ይህች አጭር ጥያቄ ከብዙ ነጥብ ይልቅ ትገልጣለች።

ሦስቱ የዝንባሌ መለያ ጥያቄዎችም በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። እናትና አባትን ማክበር፣ የቤትን ገመና ለውጭ ሰው አለማውጣት እንደ ትልቅ ምግባር በሚታይበት አገር፣ ቤተሰቡን አወድሶ የተናገረ ሰው ሁሉ ካደ አይባልም። ከፍ ያለ ነጥብ እዚህ የሚያመለክተው ጥያቄው ዘግየት ብሎ፣ መተማመን ሲፈጠር፣ እንደገና መነሳት እንዳለበት ነው።

መልሱ የሚታመንበት ልክ

ትዝታ ከጊዜ ጋር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጄሲ ባልድዊንና ባልደረቦቿ ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በልጅነታቸው በደል እንደደረሰባቸው ያኔውኑ ከተመዘገበላቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አድገው ሲጠየቁ አልተናገሩም። አድገው በደል ከተናገሩት ውስጥም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያኔ አልተመዘገቡም። ይህ ተናጋሪዎቹ ዋሹ አያሰኝም፤ አብዛኛው በደል በዝግ በር ውስጥ ስለሚፈጸም ከመዝገብ ይቀራል። የሁለቱ መንገዶች መለያየት የሚያሳየው፣ ዝቅተኛ ነጥብ በደል አለመኖሩን እንደማያረጋግጥ፣ ከፍተኛ ነጥብም ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንደማይሆን ነው።

በሱስ ታካሚ ላይ ሌላ ጫና ይጨመራል። አልኮል ያቋረጠ ሰው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ይጀምረዋል፤ ሕመሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል። ጫት ያቆመ ሰው ደግሞ ይደብተዋል፣ እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ዱካክም (በእንቅልፍ የሚመጣ አስፈሪና የሚጫን ቅዠት) ይይዘዋል። በምርቃና (በጫት ሞቅታ) ላይ ያለ ሰው ከሚገባው በላይ ሊናገርና በማግስቱ ሊጸጸት ይችላል፤ በድብርት ውስጥ ያለ ሰው ያለፈውን ሁሉ ጨለማ አድርጎ ያያል። ስለዚህ ጥቂት ቀናት፣ ቢቻል አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አሳልፎ፣ አእምሮ ሲረጋ መጠየቅ ይሻላል።

የመጠየቂያው ቦታና ጠያቂው

በሽተኛ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ዘመድ አብሮ መግባቱ የተለመደና የሚያጽናና ነገር ነው። ለዚህ ምዘና ግን ታካሚው ብቻውን መሆን አለበት፤ አስታማሚው ራሱ የበደለው ሰው ወይም የእሱ ወገን ሊሆን ይችላል። ማንበብ ለማይችል ታካሚ ጥያቄው በቃል ይነበባል፤ ይህ ሲሆን አስተርጓሚው የቤተሰብ አባል መሆን የለበትም።

እንደ ሪራ ባለች ትንሽ መንደር ምስጢር መጠበቅ በራሱ ሥራ ይጠይቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጎረቤት ናት፤ የታካሚውንም ቤተሰብ ታውቃለች። የእሷ ድርሻ ሱሱን ለይቶ ወደ ጎባ መላክ ቢሆን ይበቃል፤ ዝርዝሩን በሆስፒታል ያለ የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቅ። በመላኪያ ወረቀቱም ላይ የበደሉ ታሪክ አይጻፍም፤ ወረቀቱ በብዙ እጅ ያልፋልና።

ከነጥቡ በኋላ

ምዘና የሚደረገው ሕክምናውን ለመለወጥ ነው። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት ወንዶች በሚበዙበት የቡድን ምክክር ውስጥ ብትገባ ሕክምናውን ልታቋርጥ ትችላለች፤ ይህ ከታወቀ በግል ትታያለች። ጭንቀቱን በአረቄ ሲያስታግስ የኖረ ሰው አረቄውን ብቻ ቢነጠቅ የቀድሞው ድንጋጤ ይመለስበታል፤ ስለዚህ መጠጡን ከማቆም ጎን ለጎን ለእንቅልፉና ለጭንቀቱ እርዳታ ያገኛል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖር አለመኖሩም በዚያው ቀን፣ በግልጽ ቃል ይጠየቃል። በዳዩ አሁንም ሌሎች ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ መሆኑ ከተሰማ ጉዳዩ ከታካሚው አልፎ የልጆች ደኅንነት ጉዳይ ይሆናል፤ ምስጢር የመጠበቅ ቃል እዚህ ላይ ወሰን እንዳለው ለታካሚው ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ሊነገረው ይገባል።

የቀጠሮው ነገርም ከመጠይቁ እኩል ይታሰባል። ከሪራ የመጣ ታካሚ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሰነቲን አቋርጦ በዕለቱ የሚመለስ ከሆነ፣ የተቀበረ ትዝታ ቀስቅሶ ያለ ተከታታይ ቀጠሮ መሸኘት ሀራራውን ያባብሰዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ለሱሱ ሕክምናና ለመተዋወቅ ብቻ ይውላል፤ መጠይቁም ታካሚው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሊመጣ የሚችልበት መንገድ ሲረጋገጥ ይከፈታል።